የእትዬ አንጓች የዳቦ መጻሕፍት

እትዬ አንጓች መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዤ ዳንግላ ስደርስ ሠልስታቸው ሆኗል። ድንኳኑ ውስጥ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ የሕይወት ታሪካቸውን ከወረቀት ላይ ያነባል። የባላቸውን ስም አራት ጊዜ ጠራ፤ የእሳቸውን ሁለት ጊዜ። እሱንስ ቻልኩት። መጨረሻው ላይ ግን ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፦

«ሟቿ ለእናቶች በታተመው የዳቦ አጋገር መጽሐፍ እየታገዙ ሙያቸውን አሻሽለው፣ እንግዳ ተቀባይ ሆነው ኖረዋል።»

«ውሸት ነው!» አልኩ።

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ጉልበቴን ያዝ አድርገው «ተይ እንጂ ልጄ፣ ልቅሶ ቤት ነው» አሉኝ። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምኑ ነው ውሸቱ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ንፍሮ ቀረበ፤ ሰው መብላት ጀመረ፤ የዝናቡን ነገር፣ የገብሱን ነገር አወራ። እኔ ንፍሮውን በእጄ እንደያዝኩ እሳት ስተፋ ዋልኩ። ማንም አልጠየቀኝምና ሳልጠየቅ እናገራለሁ። እሳቸው ከዚያ መጽሐፍ አልተማሩም። ያ መጽሐፍ ከእሳቸው ተሰረቀ። ሲሰረቅ ደግሞ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ዳንግላ የሄድኩት በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ለሴት ተማሪዎች ባልትና እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የተከራየሁት ክፍል እትዬ አንጓች ግቢ ውስጥ ነበር። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ነበሩ። ሲናደዱ አማርኛውን ትተው ወደ አዊኛ ይገባሉ፤ የሚናደዱትም ብዙ ጊዜ ነው። ባላቸው አቶ ተገኘ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ለአውራጃው ሕዝብ ሁሉ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ሚስታቸውን ግን ሀ ሁ አላስቆጠሩም። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቃቸው «ለምኗ ብዬ?» አሉኝ፤ ክፋትም አልነበረበትም፤ በእርግጥ ለምኗ እንደሆነ አልታያቸውም ነበር። ስሙ አራት ጊዜ የተጠራው ሰውዬ እኚህ ናቸው።

እትዬ አንጓች ዳቦ ሸጠው አያውቁም። የሚጋግሩት ለቤታቸው፣ ለዓመት በዓል፣ ለአራስ ጥየቃ ነው፤ ወይም ዝም ብሎ ሲያሰኛቸው። ጓሮ ግማሽ በርሜል አጋድመው በጭቃና በድንጋይ ከበው ራሳቸው የሠሩት ምድጃ ነበራቸው። ከምድጃው በላይ፣ እርጥበት በማይደርስበት፣ የሳሙና ሣጥን ተሰቅሏል። ሣጥኑ ውስጥ ዘጠኝ መጻሕፍት አሉ። ሁሉም የዳቦ፣ የኬክና የብስኩት መጻሕፍት ናቸው። አንዱንም ማንበብ አይችሉም።

የመጀመሪያውን «ጥልያኑ» ይሉታል። በጥልያን ጊዜ፣ ልጅ እግር ሆነው፣ አንድ ጥልያን ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ጥልያን ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ፋኖሱን ተሻማ። እሳቸው ከማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ አነሡ።

«እናቴ እስክትሞት አልማረችኝም» ይሉ ነበር። «የሰው ልጅ ብርድ ልብስ ይዛ ገባች፣ የኔ ልጅ ወረቀት ይዛ ገባች እያለች!»

ሌላው «የቀሚሴ» ይባላል፤ የእንግሊዝኛ፣ ወፍራም፣ ባለቀለም ሥዕል። አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቶ ገበያ ላይ ሲያዞረው አዩትና የጥምቀት ቀሚሳቸውን ሰጥተው ለወጡት። የዚያ ዓመት ጥምቀት አሮጌውን ቀሚስ ለብሰው ታቦት ሲሸኙ ሴቱ ሁሉ አፉን ይዞ አያቸው። እሳቸውም መልሰው አዩዋቸው። ሦስተኛው የዐረብኛ ነበር። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው እያነበቡ ወደ አማርኛ ይመልሱላቸዋል። በዚህ የተነሣ ከማኅበር ጓደኞቻቸው አንዷ፣ በእስላም መጽሐፍ የተጋገረ አልቀምስም አለች። እትዬ አንጓች ሳህኑን ከፊቷ አንሥተው «ዱቄት ማተብ የለውም» አሏትና ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።

አዲስ መጽሐፍ ሲያገኙ መጀመሪያ ያሸቱታል። ከዚያ፣ የዳቦን ጀርባ በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርገው መብሰሉን እንደሚሰሙት፣ መጽሐፉንም ኳ ኳ ያደርጉታል። ከዚያ ሥዕል ይፈልጋሉ። ሙሉ ዳቦ ብቻ የሚያሳይ መጽሐፍ አይወዱም። «ቆርሶ ያላሳየ ሰው የሚደብቀው አለ» ይላሉ። ሥዕሉን አይተው፣ አንባቢ ከተገኘ አስነብበው፣ ይሞክራሉ። የሞከሩት ገጽ ጥግ ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። ክብ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሰረዝ ከሆነ ይሻሻላል፤ መስቀለኛ መስመር ከሆነ መጽሐፉ ዋሽቷል። ለሚዋሽ መጽሐፍ ርኅራኄ የላቸውም። ምድጃው ፊት ቆመው «ኸኔ ጋራ ነው ቀልድህ?» ብለው ሲቆጡት ሰምቻለሁ። በክረምት ፀሐይ ብልጭ ካለች ሁሉንም አውጥተው የቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ያሰጧቸዋል፤ ዶሮ እንዳይረግጣቸው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ግቢው ውስጥ ያን ያህል ፊታቸው ፈክቶ ያየሁበት ሌላ ሰዓት የለም።

እኔ የእንግሊዝኛዎቹን አነብላቸው ጀመር። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ባልትና ከእሳቸው ፊት ምንም እንዳልሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት አልፈጀብኝም። ፈረንጅ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ካላለ ዳቦ የሚጋገር አይመስለውም።

«እኛ ግማሽ ዓመት እንጾማለን» አሉኝ አንድ ቀን። «ይኸ ሰውዬ ሁዳዴ ላይ ምን ብይ ይለኛል?»

እኔ ከመምጣቴ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ በቆዩበት ሙከራ ወተቱን በድንች ቅቅል ውኃ፣ ቅቤውን በኑግ ተክተው፣ ድንቹን አድቅቀው ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ጋር አቡክተው፣ ሦስት ቀን የማይደርቅ የጾም ዳቦ አውጥተው ነበር። ስንት ጊዜ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ስንት ጊዜ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ለከብት እንደተጣለ የሚያውቀው ምድጃው ነው።

«ይጻፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት ተቀምጠን አንድ ወፍራም ደብተር ሞላን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚሰፍሩት እጀታው በተሰበረ ሰማያዊ የብረት ኩባያ ነበር፤ ስለዚህ «በሰማያዊው ኩባያ ሁለት» ይላሉ።

«እትዬ፣ ዝም ብለን ኩባያ እንበለው» አልኳቸው።

«ኩባያ ሁሉ እኩል ነው ወይ? እኔ የሰፈርኩት በሰማያዊው ነው። ያልኩትን ጻፊ።»

ያሉትን ጻፍኩ።

በሦስተኛው ዓመት ከደብረ ማርቆስ አንዲት ወይዘሮ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። የሴቶችን ሙያ የሚያስፋፋ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አዝኜላቸው አይደለም፣ ስማቸውን በመጽሐፍ ላይ ማየት ከመጠን በላይ ስለሚወዱ ነው። ርእሰ መምህሩ እንግዳዋ ምሳ የሚጋበዙበት ቤት ሲቸግራቸው እኔ እትዬ አንጓች ቤት ወሰድኳቸው። ጾም ነበር፤ የድንች ዳቦው ቀረበ። ወይዘሮዋ ሦስት ጊዜ ቆረሱ። ደብተሩን አሳየኋቸው። ገጹን ሲገልጡ ቀለበታቸው ወረቀቱን ይቧጭር ነበር።

«ይህ መታተም ያለበት ነው» አሉ። «ለአንድ ወር ስጡኝ። ለማመሳከሪያም ከመጻሕፍቱ ሦስቱን ልውሰድ።»

እትዬ አንጓች ሣጥኑ ሥር ቆመው ቀሩ። ወደ ጓዳ ጠሩኝና «ይመልሷቸዋል?» አሉኝ።

«እንዴታ! ስምዎን ጽፈው ያሳትሙልዎታል» አልኩ። ማን ነግሮኝ ነው? ማንም። ሃያ ዓመት የሞላው ሞኝ የማያውቀውን ነገር ሲምል እንደ እኔ ነው። ጥልያኑን፣ የቀሚሴንና አንድ ሌላ በነጠላ ጠቅልለው ሰጡ።

ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በክር የታሰረ ጥቅል ደረሰን፤ ለባልትና ክፍል የተላከ ሃምሳ ቅጂ መጽሐፍ። ሽፋኑ ላይ የወይዘሮዋ ስም። ከውስጥ ለበላዮቻቸው ሁሉ ምስጋና፣ በማዕረግ ቅደም ተከተል። እትዬ አንጓች የሚል የለም። ዳንግላ የሚልም የለም። የድንች ዳቦው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «በሰማያዊው ኩባያ ሁለት ዱቄት።» አላነበቡትም እንኳ! እንዳለ ገልብጠው ለማተሚያ ቤት ሰጥተውታል። የአገሩ ሴት ሁሉ ሰማያዊ ኩባያ ፍለጋ ይውጣ እንዴ?

መጽሐፉን ይዤ ሮጥኩ። እትዬ አንጓች ሊጥ እያሹ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩላቸው። እጃቸው ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆመው ሰሙ። ሰማያዊው ኩባያ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ እውነተኛ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ተቆረጠ። ሊጡን ሁለቴ በቡጢ መቱትና በአዊኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ እኔ የገባኝ ግማሹ ነው፣ የገባኝም አይጻፍም። እጃቸውን ታጠቡ።

«ነገ ማርቆስ እንሄዳለን» አሉ። አቶ ተገኘ ከሥራ ሲመለሱ «ኸትልቅ ሰው ጋራ ክርክር ምን ይበጅሻል? ዳቦ ነው እኮ» አሏቸው።

በማግስቱ በጭነት መኪና ሄድን። ኮሶበርን፣ ጥሊሊን፣ ቡሬን አልፈን ማርቆስ የደረስነው አቧራ ጠጥተን ነው። አድረን ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ገባን። ወይዘሮዋ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ ተከምሯል። እትዬ አንጓች የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ሰማያዊውን ኩባያ አወጡና ከክምሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ኸመጽሐፍዎ ውስጥ ያለው ኩባያ ነው። አላወቁትም?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ታይፕ መቺ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ልትደብቅ። ወይዘሮዋ አዩዋት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ይህ የፈረንጅ ዕውቀት ነው። እኔ አጥንቼ፣ አስተካክዬ ለአገር አበረከትኩት። ዳቦ የማንም ርስት አይደለም።»

«አንቺ» አሏቸው። ታላቅ እህታቸው የሚሆኑትን ሴት።

«የፈረንጅ ነው?» አሉ እትዬ አንጓች። ድምፃቸው አልጨመረም። «የትኛው አገር ፈረንጅ ነው ሁዳዴ የሚጾመው? የትኛዋ ፈረንጅ ነች ኑግ የምትወቅጠው?»

ወይዘሮዋ ከክምሩ አንዱን አንሥተው ከመሐል ከፈቱና ወደ እሳቸው ገፉት። «የጻፍሽው አንቺ ከሆንሽ አንብቢልኛ።»

እትዬ አንጓች ገጹን አዩት። ከሥዕሉ አውቀውታል፤ ጣታቸውን የዳቦው ሥዕል ላይ አሳረፉ። ፊደሎቹ ላይ ግን ጣታቸው የሚሄድበት አጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገሪያት» አሉኝ።

ወይዘሮዋም ዞሩ። ድምፃቸው ማር ሆነ። «አስተማሪ፣ ወደዚህ ለመዛወር ማመልከቻ አስገብተሽ አልነበረም? ጉዳይሽን ሰምቻለሁ። ለሁለተኛው ኅትመት የሚረዳኝ የተማረ ሰው እፈልጋለሁ፤ ስምሽም ይገባል። ለመሆኑ ደብተሩ ላይ ያለው የማን የእጅ ጽሑፍ ነው? ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

እውነት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ «ቃሉ የእሳቸው ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። እናቴ ማርቆስ ታማ ተኝታ ነበር፤ ዝውውሩን የጠየቅኩትም ለእሷ ነው። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ሦስት ቃል ነበር፣ አልወጣኝም። ወለሉን አየሁ።

«እንግዲህ!» አሉ ወይዘሮዋ።

እትዬ አንጓች ኩባያውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት። «ደብተሩስ ይሁን» አሉ። «ሦስቱን መጻሕፍቴን ስጡኝ።»

«አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ናቸው። ይላክልሻል።»

አልተላከም። ሁለት ጊዜ ሰው ላኩ፤ አንዴ አልተገኘም፣ አንዴ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አናውቅም ተባሉ። እናታቸው ያልማረቻቸው መጽሐፍ፣ የጥምቀት ቀሚሳቸው የተሰጠበት መጽሐፍ፣ አንድ ቦታ ላይ የማንም መደገፊያ ሆኖ ቀረ።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። መኪናው ላይ ሸራ ለብሰን ጎን ለጎን ተቀምጠን ቡሬን አለፍን፣ ጥሊሊን አለፍን። እኔ አለቅሳለሁ። ኮሶበር ላይ ሰው ሲወርድ ዞር ብለው አዩኝ።

«አፍ አለሽ ብዬ ነበር ይዤሽ የሄድኩት» አሉ።



መስከረም ላይ ዝውውሬ መጣ። ተቀበልኩት። ሁለተኛው ኅትመትም ወጣ፤ «ሰማያዊው» የሚለው ተሰርዞ «አንድ ኩባያ» ተብሏል። ሌብነቱን አጠቡት። የእኔም ስም የለበትም። ይበለኝ።

ዳንግላን መልሼ ያየሁት ስድስት ዓመት ቆይቼ ነው። እናቴ ሞታ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምፈራው ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል ድፍረቱ የመጣው። እትዬ አንጓች በር ላይ ሲያዩኝ አልተገረሙም። «ግቢ፣ ዝናብ ይመታሻል» አሉኝ። አስቀመጡኝ፤ የእናቴን ነገር ጠየቁ፤ ነፍስ ይማር አሉ። አቶ ተገኘ አርጅተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝና አነሡኝ። እግዜርን ነው የጠሩት። እሳቸው ይቅር ማለታቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ በሸማ የተሰፋ ነው። ስከፍተው ፊደሉ ትልልቅ፣ የተንጋደደ፣ አንዳንዱ መስመሩን ጥሶ የወጣ። የማን እንደሆነ የማላውቀው የእጅ ጽሑፍ ነበር።

«ማን ጻፈልዎት?» አልኳቸው።

«ማን ይጽፍልኛል? ማንን አምኜ?»

ለካ ከማርቆስ በተመለሱ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የኔታ ዘንድ ሄደው ከሕፃናቱ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ሀ ሁ ሂ ብለው ጮኸዋል። ሴቱ በአጥር እያየ ሳቀባቸው። አቶ ተገኘ እባክሽ አታሰድቢኝ ብለው ለመኗቸው። የኔታን በየሳምንቱ ትኩስ ዳቦ እያበሉ፣ የሚሰድባቸውን እየሰደቡ ፊደሉን ጨረሱ፤ ዳዊትም ደገሙ። ከዚያ የጠፋውን ሁሉ ከራሳቸው አውጥተው በራሳቸው እጅ ጻፉት። በየገጹ ግርጌ «ይህን ሞክሬ ያገኘሁት እኔ አንጓች ነኝ» ይላል። በየገጹ! አንድም ሳያስቀሩ።

ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ቀድሞ የማውቀው አልነበረም። ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ ወደ ማር ቀለም የሚያደላ፣ አፍ ውስጥ የገብስ ቆሎ የሚሸት። እንዲህ ያለ ዳቦ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼ አላውቅም።

«ይኸ እዚያኛው መጽሐፍ ውስጥ የለም» አሉ። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

«እንዴት ነው የሠሩት? ምን ገባበት?» አልኩና ሳላስበው ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁ።

መዳፋቸውን ደብተሩ ላይ ጫኑት። ሰፊ፣ ዱቄት ያለበት መዳፍ።

«አይሆንም» አሉ። «ብዪ። እስክትጠግቢ ብዪ። አትጽፊም።»

እስክሪብቶውን መለስኩና በላሁ።